የዘር በሽታ ምርመራ፦ ከቤተሰቡ ማን ቀድሞ ደም ይስጥ? በየትኛው ቱቦ?

የቱቦ ክዳን (ፒያሳ) ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

እዚህ ስለ ዘረመል ምርመራ በተነሳ ቁጥር የሚቀድመው ጥያቄ «የት ይሠራል?» ነው፤ ቀጥሎ «ስንት ያስከፍላል?» ይመጣል። ከሁለቱም በፊት መመለስ ያለበት ግን ሌላ ነው፦ ከቤተሰቡ ቀድሞ የሚመረመረው ማን ነው? ይህ ሳይለይ የተላከ ደም ገንዘብ በልቶ፣ ወር ከሁለት ወር አስጠብቆ፣ «ምንም አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ወረቀቱ ግን «ጤነኛ ነሽ» አላለም።

እናቷና አክስቷ በጡት ካንሰር የታመሙባት፣ እሷ ግን ጤነኛ የሆነች ሴት እንውሰድ። ሲበላሹ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጡት፣ ቢአርሲኤ 1 እና ቢአርሲኤ 2 የተባሉት ጂኖች ተነብበው ለውጥ ካልተገኘባት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ የቤተሰቡ ለውጥ ለእሷ አልደረሳትም፣ ወይ የቤተሰቡ ችግር ያለው ምርመራው ባላየው ቦታ ነው። ሁለቱን የሚለየው የታመመችው ሰው ቀድማ ስትመረመር ብቻ ነው። በእናትየው ላይ ለውጡ ከተገኘ፣ ለልጅ፣ ለእህትና ለወንድም የሚቀረው ያችኑ አንዲት ነጥብ ማየት ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ መልሱም «አለ» ወይ «የለም» ይሆናል። (የአባትን ወገን አትርሱ። ቢአርሲኤ በአባት በኩልም እኩል ይተላለፋል፤ አባትየው ራሱ ሳይታመም።)

ስለዚህ የታመመው ሰው በሕይወት እያለ ደሙ ይወሰድ። ለምርመራው ገንዘብ ባይኖር እንኳ ዲኤንኤው ተለይቶ ወጥቶ በማቀዝቀዣ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለዓመታት ይቆያል። ሰውየው ካረፈ በኋላ የሚቀረው በፓቶሎጂ ክፍል በሰም ውስጥ የተቀመጠ ቁራጭ ነው፤ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ስለሚቆራርጠው ከእሱ ማንበብ ከባድ ነው።

ወደ ቱቦው ልመለስ። ዲኤንኤ ለማንበብ የሚፈለገው ወይን ጠጅ ክዳን ያለው፣ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) የገባበት ቱቦ ነው። ለአዋቂ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፣ ለሕፃን 1 ወይም 2 ይበቃል። እንደተቀዳ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ብሎ መገልበጥ እንጂ መናጥ የለም። ካልተገለበጠ ይረጋል፣ የረጋ ደም ደግሞ የሚሰጠው ዲኤንኤ ጥቂት ነው። አረንጓዴ ክዳን ያለው ሄፓሪን ነው፤ ሄፓሪንም ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ ግን ፒሲአርን (ዲኤንኤ የሚባዛበትን ዘዴ) ያግዳል፣ ስለዚህ ለጂን ንባብ አይሆንም። የክሮሞሶም ቆጠራ፣ ካርዮታይፕ የምንለው፣ ግን የሚሠራው በአረንጓዴው ነው። እዚያ የሚፈለገው ሕይወት ያለው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ተመግቦ የሚከፈል ነጭ የደም ሴል ነውና። እሱ ናሙና መቀዝቀዝ (ከበረዶ ጋር መነካካት) አይወድም፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ካልደረሰ ሴሎቹ አይበቅሉም። ዓርብ ከሰዓት ወይም በጥምቀት ዋዜማ ካርዮታይፕ አትቅዱ።

የሕፃናት ክፍል ነርስ (ልደታ) ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ከላይ ባለው ላይ አንድ ጨምሬ ልናገር፤ ይህኛው ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ ነው። ሄሞፊሊያ፣ ደም በወጉ የማይረጋበት የዘር በሽታ።

እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በ8ኛው ቀን ይገረዛል። በቤተሰቡ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ያለ ወንድም ወይም የእናት ወንድም ካለ፣ ወይም ጥርስ ሲነቀል ለቀናት የደማ፣ ጉልበቱ እያበጠ የሚያነክስ ወንድ ልጅ ካለ፣ አዲሱ ልጅ ሳይመረመር መገረዝ የለበትም። እዚህ ላይ የጂን ምርመራ አይቀድምም። የሚቀድመው የደም ማርጊያ ፋክተር 8 እና ፋክተር 9 መጠን ነው፤ የተሻለው ናሙና ደግሞ ሲወለድ ከእትብቱ የሚወሰደው ነው፣ ሕፃኑ ሳይወጋ።

ቱቦው ሰማያዊ ክዳን፣ 3.2 በመቶ ሲትሬት (ይህም ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ነው። ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት፣ ምልክቱ ድረስ መሞላት አለበት። ግማሽ ከተሞላ ሲትሬቱ ይበዛና ጤነኛ ልጅ የማርጋት ጊዜው የረዘመ መስሎ ይወጣል። አራስ ላይ ሌላ ችግርም አለ፦ ቀይ የደም ሴሉ ብዙ ስለሆነ ፕላዝማው ጥቂት ነው። ሄማቶክሪት (በደሙ ውስጥ የቀይ ሴል ድርሻ) ከ55 በመቶ ካለፈ ሲትሬቱ መቀነስ አለበት፤ ይህን ላቦራቶሪውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ፋክተር 8 ሲወለድ ጀምሮ እንደ አዋቂ ነው፣ ዝቅ ካለ በዚያው ቀን ይታመናል። ፋክተር 9 ግን በጤነኛ አራስም ዝቅ ያለ ነው፤ በመጠኑ ዝቅ ያለ ውጤት በ6 ወር መደገም አለበት። እስከዚያ ግርዘቱ ይቆይ። ቄሱንም አያቱንም ማስረዳት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደም ካልቆመ በኋላ ከማስረዳት ይቀላል። ክትባት ከሆነ በቀጭን መርፌ፣ ቦታውን ሳያሹ 5 ደቂቃ መጫን።

እናትየዋ የፋክተር መጠኗ ደህና ነው ማለት ተሸካሚ (ሳትታመም ለልጇ የምታስተላልፍ) አይደለችም ማለት አይደለም። የእሷ ነገር የሚለየው በጂን ነው። የጂን ምርመራ ሲታዘዝ ደግሞ በከባድ ሄሞፊሊያ ኤ (ፋክተር 8 የሚጎድልበት) ላይ ወደ 45 በመቶ የሚጠጋው መንስኤ በፋክተር 8 ጂን ውስጥ ኢንትሮን 22 በሚባለው ቦታ ላይ የተገለበጠ ክፍል ነው፤ ተራ የጂን ንባብ አያየውም። በማዘዣው ላይ «የኢንትሮን 22 ግልባጭ ይታይ» ተብሎ ይጻፍ።

ካዛንቺስ 07 ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ሊጋቡ ያሉ ሁለት ሰዎች «ሁሉንም የዘር በሽታ» የሚያሳይ ምርመራ ቢያደርጉ ይጠቅማል? ሰባት ቤት ተቆጥሯል፣ ዝምድና የለም። በማን ወገንም የታወቀ በሽታ የለም።

የዘር ሐረግ (አራት ኪሎ) ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ወንድሜ፣ ሰባት ቤት መቆጠሩ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ከሁለቱም ወላጅ የተበላሸ ቅጂ ሲወረስ ብቻ የሚታዩ በሽታዎች አሉ። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ በእያንዳንዱ እርግዝና 4 ዕድል ውስጥ 1 ነው። ያንኑ የተበላሸ ቅጂ ከአንድ አያት የመውረሱ ዕድል በዝምድና ይጨምራል፤ የአጎት ልጅና የአጎት ልጅ ከዲኤንኤያቸው 8 እጅ አንዱን ይጋራሉ። ሰባት ቤት ርቆ ያለው ግን ከማንኛውም ባዕድ አይለይም ማለት ይቻላል። ዝምድና ከሌለ፣ የታመመ ከሌለ፣ «ሁሉንም ይየው» የሚለው ጥቅል ለገንዘቡ ያህል የሚመልስላችሁ ነገር አይኖርም።

ይልቅ አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ የቤተሰቡን ሥዕል ሥሩ። ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፣ የታመመ የተቀባ፣ የሞተ ላዩ የተሰረዘ። ሦስት ትውልድ። የሚጠየቀው «የታመመ አለ ወይ?» ብቻ አይደለም። ሞቶ የተወለደ፣ በጨቅላነቱ የሞተ፣ በእግሩ ሳይሄድ የቀረ፣ በልጅነቱ ዓይኑ ወይም ጆሮው የጠፋ፣ በስንት ዓመቱ እንደሆነ ጭምር።

እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ የሚያሳስትበት ቦታ አለ። «አጎቴ» ሲባል የእናት ወንድም ነው የአባት? ለሄሞፊሊያ ወይም ለዱሸን የጡንቻ በሽታ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ የእናት ወንድም ከሆነ ሐረጉ በእናት በኩል ወደ ልጁ ይወርዳል፣ የአባት ወንድም ከሆነ ግን በዚያ በኩል አይመጣም። «ወንድሜ» ሲባልም የአንድ እናትና አባት ነው፣ የእናት ልጅ ብቻ ነው፣ የአባት ልጅ ብቻ ነው፣ ወይስ አብሮ አደግ? «ልጄ» የሚባለው ያሳደጉት ሊሆን ይችላል። የቤተሰብ ስም ስለማንጠቀም ከስም ላይ የሚገመት የለም፤ ሁሉንም መጠየቅ ነው። ጥያቄው ክብር እንዳይነካ ከአዛውንቷ ጋር ለብቻ፣ ሰው ሳይሰማ ይሁን።

ከሥዕሉ ላይ ሲክል ሴል (ቀይ የደም ሴል ማጭድ የሚመስልበት የዘር በሽታ) የሚመስል ነገር ከወጣ፣ አጥንቱን እየቆረጠመው ደጋግሞ ደም የተሰጠው ዘመድ ካለ፣ የሚታዘዘው ሴሉ ማጭድ ይመስል እንደሆነ ብቻ የሚያየው ርካሹ ምርመራ ሳይሆን ሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎረሲስ (የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን የሚለየው) ነው። የመጀመሪያው ተሸካሚን ከታማሚ አይለይም፤ ታላሲሚያንም (ሌላውን የሄሞግሎቢን የዘር በሽታ) አያይም። ደም የተሰጠው ሰው ግን 3 ወር ይጠብቅ፣ አለዚያ የሚታየው የለጋሹ ሄሞግሎቢን ነው።

ሙሉ ንባብ (ሜክሲኮ) ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

ከምርመራ ወደ ምርመራ ከመዞር አንድ ጊዜ ኤግዞም (የሁሉንም ጂኖች ፕሮቲን የሚሠራ ክፍል) ማስነበብ አይሻልም? ዋጋው እየወረደ ነው።

የቱቦ ክዳን (ፒያሳ) ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ለአንዳንዱ ይሻላል፤ ለምሳሌ ዕድገቱ የዘገየ፣ መልኩ የተለየ፣ የበሽታው ስም ያልታወቀ ልጅ። እዚያ ከሆነ የልጁ ብቻ ሳይሆን የእናትና የአባትም ደም አብሮ ይላክ፤ ከወላጆቹ ያልወረሰው አዲስ ለውጥ ወዲያው ይለያል።

ግን ኤግዞም ከጠቅላላው ዲኤንኤ የሚያነበው ፕሮቲን የሚሠራውን 1 ወይም 2 በመቶ ክፍል ነው። የሚያልፉትን ልንገርህ። ሀንቲንግተን (የአንጎል የዘር በሽታ) ላይ ችግሩ ሲኤጂ የተባሉ ሦስት ፊደሎች መደጋገም ነው፤ 40 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ በሽታው ይመጣል፣ ከ36 እስከ 39 ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። በአጭር ቁርጥራጭ የሚነበብ ኤግዞም ይህን ድግግሞሽ በአግባቡ አይቆጥርም። የኢንትሮን 22 ግልባጭ ከላይ ሲስተር ነግራናለች። የሚቶኮንድሪያ (ሴሉ ኃይል የሚያመነጭበት ክፍል) ዲኤንኤም በብዙው ኤግዞም ውስጥ የለም።

ዱሸንን ደግሞ በቅርበት እንየው። ልጁ 4 ወይም 5 ዓመቱ ነው፤ ባቱ ወፈር ብሏል፣ ደረጃ ይከብደዋል፣ ከወለል ሲነሳ እጁን ጭኑ ላይ እየተከለ በራሱ ገላ ላይ እየወጣ ይቆማል። ደሙ ሲታይ የጉበት የሚባሉት ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ ከፍ ብለው ይመጣሉ፣ ከዚያ ልጁ «ጉበቱ ነው» ተብሎ ወራት ይመላለሳል። ሁለቱ ከጡንቻም ይወጣሉ! መጀመሪያ ክሬያቲን ካይኔዝ (ከተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚወጣ ኢንዛይም) ይለካ፤ በዱሸን ከጤነኛው አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ከዚያ የዱሸን ጂን ይታያል፤ 79 ኤግዞን (ፕሮቲን የሚሠራ የጂን ክፍል) ያለው ግዙፍ ጂን ነው፣ ከታማሚዎቹ 3 እጅ ሁለቱ ገደማ ላይ የሚገኘው ችግር አንድ ወይም ብዙ ኤግዞን ተቆርጦ መጥፋቱ ነው። ይህን የሚያየው ኤምኤልፒኤ የተባለው ቆጠራ ነው። መጀመሪያ ኤምኤልፒኤ፣ ካልተገኘ ንባብ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው።

መዝገብ ክፍል (ቸርችል ጎዳና) ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ናሙናው ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቱቦው ውስጥ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ነው።

ስም። ጸሐይ፣ ፀሐይ፣ ፀሀይ በግዕዝ ፊደል እንኳ ሦስት ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ስንት እንደሚሆን አስቡት። ቱቦው ላይ፣ ቅጹ ላይና ፓስፖርቱ ላይ ያለው ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። የአባት ስም በ«የቤተሰብ ስም» ሳጥን ሲገባ እናት፣ አባትና ልጅ ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች ይመስላሉ፤ ሦስቱም ቱቦ አንድ የቤተሰብ መለያ ቁጥር ይሰጠው።

የልደት ቀን። ጥቅምት 5 ቀን 1990 የተወለደ በአውሮፓውያን ኦክቶበር 15 ቀን 1997 ነው፤ ጥር 5 ቀን 1990 የተወለደ ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 1998። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል። «8 ደምር» ብሎ በጅምላ መሄድ መዝገብ ያጋጫል። ሳይለወጥ በእኛው ከተላከ ደግሞ የ5 ዓመት ልጅ በወረቀት ላይ የ12 ዓመት ይሆናል፤ ሪፖርቱን የሚጽፈው ባለሙያ ደግሞ የሚያመዛዝነው ዕድሜን አይቶ ነው።

ሰዓት። ጠዋት 3 ሰዓት የተቀዳ 9 ተብሎ ይጻፍ። ሲስተር ያነሱት የፋክተር ናሙና በ4 ሰዓት ውስጥ መሠራት ወይም ፕላዝማው ተለይቶ መቀዝቀዝ ያለበት ነው፤ የ6 ሰዓት ስህተት ደህናውን ናሙና ያስጥላል፣ ወይም የባሰው፣ የተበላሸውን ያሳልፋል።

የቱቦ ክዳን (ፒያሳ) ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

እናመሰግናለን፣ ይህ የትም ተጽፎ አይገኝም። ስለ ጉዞው ልጨምር፦ ኢዲቲኤ ደም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሳምንት ያህል ይቆያል። የቀዘቀዘው ጄል ቱቦውን በቀጥታ ሲነካ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ መሃሉ ላይ ካርቶን ወይም ጨርቅ ይግባ። ማሸጊያው ሦስት ንብርብር ነው፦ ቱቦው ከመጣጭ ወረቀት ጋር፣ የማያፈስ ሁለተኛ ዕቃ፣ ከዚያ ጠንካራ ሳጥን። ቦሌ ካርጎ ቅዳሜና እሑድ ተቀምጦ እንዳይቀር ከሰኞ እስከ ረቡዕ ባለው ይላክ። እርጉዝ ሴት ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ የምትሰጠው የፅንስ ዲኤንኤ ምርመራ ግን ልዩ ቱቦ አለው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጨርሶ አይገባም። እሱም የማጣሪያ ምርመራ ነው፤ «ከፍተኛ ሥጋት» ካለ ከ15ኛው ሳምንት በኋላ በእንሽርት ውሃ ይረጋገጣል።

በምራቅ የሚሠራም አለ፤ 2 ሚሊ ሊትር፣ አረፋው ሳይቆጠር። ከዚያ በፊት ለ30 ደቂቃ ምግብ፣ ቡና፣ ሲጋራ፣ ማስቲካ የለም። ጫት የቃመ ሰው በዚያ ቀን ባይሰጥ ይመረጣል፤ ቅጠሉ ከምራቁ ጋር ይወርዳል።

የአጥንት መቅኒ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ደሙ የለጋሹ ዲኤንኤ ነው። ምራቁም ነጭ የደም ሴል አለበትና አያዋጣም። ከቆዳ ይወሰድ።

ካዛንቺስ 07 ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡45

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የመጀመሪያ ልጅ አከርካሪው ተከፍቶ ከተወለደ ሁለተኛው ከመፀነሱ በፊት የሚሠራ የጂን ምርመራ አለ?

የሕፃናት ክፍል ነርስ (ልደታ) ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡30

ሌላ የአካል ጉድለት አብሮ ካለ የክሮሞሶም ምርመራ ይታሰባል። አከርካሪው ብቻ ከሆነ ግን ምርመራ በመጠበቅ ጊዜ አታጥፉ፤ ፎሊክ አሲድ ነው። ለማንኛዋም ሴት በቀን 0.4 ሚሊ ግራም፣ እንዲህ ያለ ልጅ ለወለደች ግን አሥር እጥፍ፣ 4 ሚሊ ግራም። ፋርማሲ የምናገኘው ባለ 5 ሚሊ ግራም ክኒን ስለሆነ ሐኪሞች እሱን ያዛሉ። ከመፀነሷ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት። አከርካሪው የሚዘጋው ፅንሱ በተፈጠረ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ብዙዋ ሴት እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ አልፏል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ስሙን ተመልከቱ፤ ቫልፕሮኤት ከሆነ በራሷ አታቁም፣ ከመፀነሷ በፊት ግን ሐኪሟን ታነጋግር።

የዘር ሐረግ (አራት ኪሎ) ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡50

ውጤቱ ሲመጣ ምን እንደሚነበብ ማንም ስላላነሳ። ሪፖርቱ ከአምስት ቃል አንዱን ይላል፦ በሽታ አምጪ፣ ምናልባት በሽታ አምጪ፣ ትርጉሙ ያልታወቀ፣ ምናልባት ጉዳት የሌለው፣ ጉዳት የሌለው። መሃለኛው በእኛ ሰው ላይ ከአውሮፓውያን ይልቅ ይበዛል፤ ማመሳከሪያ መዝገቦቹ በአብዛኛው በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች የተሞሉ ስለሆኑ እኛ ጋ ተራ የሆነው ለውጥ እዚያ «ታይቶ አያውቅም» ይባላል። በዚህ ቃል ጡት አይቆረጥም፣ እርግዝና አይቋረጥም፣ ጤነኛ ዘመድም አይመረመርም። የታመመው ዘመድ ላይ አለ ወይ ብሎ ማየት ግን ይረዳል። በዓመት በሁለት ዓመቱ ላቦራቶሪውን «እንደገና ተመልከቱልኝ» ማለት ይቻላል፤ ለዚህ የሪፖርቱ ቁጥርና የጥሬ ንባቡ ፋይል በእጃችሁ ይኑር። ፋይሉ ለምርመራው ሲከፈል ነው የሚጠየቀው፣ ከዓመታት በኋላ አይደለም።

ልጆችን በተመለከተ፦ በልጅነት የማይጀምር፣ በልጅነትም ምንም የማይደረግለት በሽታ ከሆነ ልጁ አድጎ ራሱ እስኪወስን አይመረመርም። ሬቲኖብላስቶማ (የልጆች የዓይን ካንሰር) ግን ተቃራኒው ነው። በፎቶ ብልጭታ ብሌኑ ነጭ የሚያበራ ልጅ በዚያው ሳምንት ዓይን ሐኪም ይየው። ሁለቱም ዓይን ከታመመ የዘር ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ ከሆነ ከ100 ልጆች ወደ 15 በሚጠጉት ላይ የዘር ነው። ስለዚህ ዓይኑ ሲወጣ ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ሳይገባ ከዕጢው ትንሽ ቁራጭ ትኩሱን ይቀመጥ። ለውጡ መጀመሪያ ከዕጢው ይፈለግና ከዚያ በደሙ ውስጥ መኖሩ ይታያል። በደሙ ከሌለ ታናናሾቹ በየጊዜው በማደንዘዣ ከመታየት ይድናሉ። ይህን የቀዶ ሕክምናው ቀን ከመድረሱ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ፤ በዕለቱ ጠዋት ተነግሮ አይደርስም።

መዝገብ ክፍል (ቸርችል ጎዳና) ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡05

ውጤቱ በቴሌግራም አይላክ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዘረመልን መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ይቆጥረዋል። ደግሞም ወረቀቱ ላይ ያለው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የእህቱም የወንድሙም ነው። በታሸገ ፖስታ፣ ለባለቤቱ በእጁ፣ ፈርሞ። ለዘመዶች ማሳየት ከፈለገ የጂኑ ስምና የለውጡ ቁጥር ብቻ ያለበት አንድ ገጽ ተለይቶ ይጻፍለት፤ ሌላው ላቦራቶሪ ያችን ነጥብ ለመፈለግ የሚያስፈልገው እሱ ብቻ ነው።